ምክንያት የሚለው ሳጥን

ማክሰኞ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017

ዛሬ ዳይሬክተሯ ወይዘሮ አለምነሽ ቢሯቸው አስጠሩኝና ባለ አሥራ አንድ ገጹን የድጋፍ ማመልከቻ ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት። “አቶ ታደሰ፣ ይሄን ቅጽ እርስዎ ራስዎ ሞልተውት ያውቃሉ?” አሉኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አባዝቼዋለሁ፣ በስቴፕለር መትቼዋለሁ፣ በተራ ቁጥር መዝግቤዋለሁ። ከአንድ ጊዜ በስተቀር ሞልቼው ግን አላውቅም። ያንን አንድ ጊዜ አላነሣሁላቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ ቅጹን ከወሰዱት ችግረኛ ተማሪዎች ግማሾቹ ሳይመልሱት ቀርተዋል። የቀበሌ ደብዳቤ ይጠይቃል፣ ሦስት ምስክር ይጠይቃል፣ የወረዳ ማኅተም ይጠይቃል። ከጎንደር ወይም ከጅጅጋ ሐዋሳ ድረስ የመጣ ልጅ ለአንድ ማኅተም ብሎ አገሩ ደርሶ ይመለሳል፤ የትራንስፖርቱ ወጪ ከሚሰጠው ድጋፍ ይበልጣል። አሁን አንድ ገጽ ይሁን፣ በስልክ ይሞላ ተብሏል። ኮምፒውተር የሚያውቅ ናትናኤል የሚባል ወጣት ተመድቦልኛል። እኔ እርሳስ ቀርጬ እስክጨርስ እሱ ሥራውን ጨርሶ ስልኩን ይነካካል።

ደስ ብሎኛል። ለማን እንደምነግር ግን ቸገረኝ። ባለቤቴ ወርቄ በሕይወት ብትኖር ሁለት ጊዜ ታስደግመኝ ነበር። ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።

ዓርብ፣ ኅዳር 6

ከእኔ ጋር አንድ ጥያቄ ለመሰረዝ ግማሽ ቀን ይፈጃል። “ጋሼ፣ የቅድመ አያት ስም ለምን ያስፈልጋል?” አለኝ ናትናኤል። “ድሮም ነበረ” አልኩት። ሳቀ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ሳቅሁ።

ከሰዓት የድጋፍ ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሁሉም የጨነቃቸው አንድ ነገር ነው፤ የቀበሌው ደብዳቤ ከቀረ የሚዋሸውን በምን እንለያለን? ያኔ እኔ እጄን አወጣሁ። እስከዛሬ የተመረጡትን ልጆች ስምና አጭር ምክንያት ለሦስት ቀን እንለጥፍ ነበር። አሁን ተማሪው ራሱ የጻፈው ምክንያት እንዳለ ይለጠፍ፣ ሁለት ሳምንትም ይቆይ፤ ዋሽቷል የሚል ሰው ካለ ጥቆማ ይስጥ አልኩ። ወይዘሮ አለምነሽ ብዕራቸውን አስቀምጠው “ይሄ ነው እንግዲህ ልምድ ማለት” አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ ስሜ ተጠቅሶ ሰፈረ።

ናትናኤል ብቻ ስንወጣ “ምክንያቱም ይለጠፍ፣ ጋሼ?” አለኝ። ግልጽነት ነው አልኩት። የተደበቀ ነገር ሐሜት ያመጣል።

ሰኞ፣ ኅዳር 9

የአዲሱን ቅጽ ፎቶ ለፍሬሕይወት በቴሌግራም ላክሁላት። ልጄ ድሬዳዋ ባንክ ውስጥ ነው የምትሠራው። አይታዋለች፤ ሁለቱ ምልክት መጥቷል። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

መለሰችልኝ! “ምክንያት የሚለው ሳጥን አሁንም አለ?” ብላ።

“አለ፤ እንዲያውም ሰፍቷል” አልኳት።

ከዚያ በኋላ አልጻፈችም። ባንክ ቤት ከሰዓት ሰው ይበዛል።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሆነች ልጅ መስኮቴ ላይ መጣች። ኢክራም ትባላለች፣ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። እኔ ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ገና “እንዴት ዋሉ” ስትል አገሬ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። ቅጹን በስልኳ ከፍታዋለች። ስሟን፣ የመታወቂያ ቁጥሯን፣ ስልኳን ሞልታ ምክንያት የሚለው ጋ ቆማለች።

“ጋሼ፣ ይሄን ማን ያየዋል?” አለችኝ።

“እኔ ነኝ የማነበው” አልኳት። “እውነቱን ብቻ ጻፊ፣ የቀረውን ለእኔ ተይው።”

ግድግዳውን ተደግፋ ጻፈች፤ ጻፈች፤ አጠፋች፤ ደግማ ጻፈች። ወዲያው እኔ ኮምፒውተር ላይ ደረሰ። አባቷ ታስሯል። እናቷ ሰው ቤት ልብስ ታጥባለች። እዚህ ከመጣች ወዲህ ምሳ ብቻ እንደምትበላ፣ እራት የበላችበትን ቀን እንደምትቆጥር ጽፋለች፤ ካፌው ስለሚዘጋ አይደለም፣ በካፌ ፈንታ የሚሰጣትን የምግብ ገንዘብ ለእናቷ ስለምትልክ ነው። ከዚህ በላይ ሳይረዱኝ መቀጠል አልችልም ይላል መጨረሻው ላይ።

እንደ ጥሩ ማመልከቻ የምቆጥረው ይሄን ነው። አጭር፣ ግልጽ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ኢክራም ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከክፍል ስትወጣ በመስኮቱ በኩል ብቅ ብላ ሰላም ትለኛለች። ዛሬ ጉንፋን ይዞኝ አግኝታ “አብሽር፣ ጋሼ” አለችኝ። ስንት ዓመቴ ነው ይሄን የአገሬን ማጽናኛ ከሰማሁ! ስለ ልጄ ጠየቀችኝ። ባንክ ቤት ናት፣ ጥሩ ቦታ ላይ ናት አልኳት። “ቶሎ ቶሎ ትደውላለች?” አለችኝ። አዎ አልኳት።

በዓል በዓል ትደውላለች። ያም መደወል ነው።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሐይቅ ዳር ሄጄ ዓሣ በላሁ። አስተናጋጁ “ስንት ሰው ናችሁ?” አለኝና ወንበሮቹን ቆጥሮ ሁለቱን ወሰዳቸው። ትልልቆቹ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ ቆመው ያዩኛል። ፍሬሕይወት ትንሽ ሳለች ትፈራቸው ነበር፤ ከኋላዬ ሆና ኮቴን ትይዝና “አባዬ፣ እንዳያዩኝ” ትል ነበር።

ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቤቴ እስክደርስ በእግሬ ሄድሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱን ከከፈትሁት ቆየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 30

ማመልከቻ ተዘጋ። ካምናው ሦስት እጥፍ! ወይዘሮ አለምነሽ ሪፖርቱን ለበላይ አካል ልከው ስሜን አስገብተዋል። ናትናኤል ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ለፍሬሕይወት ጻፍኩላት። አይታዋለች።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 7

ዝርዝሩ ዛሬ ተለጠፈ። ማተሚያው ጠርዙን ስለሚያጣምም በማስመሪያ አስተካክዬ ቆረጥሁት፤ ሙጫውን ራሴ ቀባሁ። የማስታወቂያ ሰሌዳው ካፌው መግቢያ ላይ ነው፣ ሁሉም ያያል። ስም፣ ትምህርት ክፍል፣ ምክንያት። ኢክራም አልፋለች፤ ተራ ቁጥር 41። ስትመጣ ራሴ ልነግራት ብዬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍቼ ጠበቅሁ።

ሰሌዳው ሥር ብዙ ልጅ ተሰብስቦ ነበር። በስልካቸው ፎቶ ያነሣሉ፤ ይሳሳቃሉ። የወጣት ነገር።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 8

አልመጣችም።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 9

አልመጣችም። ፈተና ይሆናል።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 11

ሁለት ወንዶች ሰሌዳው ሥር ቆመው አንዱ፣ “ኢክራም አባቴ ዱባይ ነጋዴ ነው አላለችም እንዴ?” ሲል ሰማሁ። ሌላው፣ “የዶርም ልጆቿ ማታ ጮክ ብለው አነበቡላት አሉ፤ ልጅቷ እዚያው አልጋዋ ላይ ነበረች” አለ።

ጥቆማ ካላችሁ በጽሑፍ አስገቡ አልኳቸው። ደነገጡ። “የለንም፣ ጋሼ፣ የጻፈችው እውነት ነው። ገርሞን ነው” አሉኝ።

እውነት ከሆነ ምን ይገርማል? አሠራሩ እንደሠራ ነው የሚያሳየው። እንዲያ ብዬ መዝግቤዋለሁ።

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

ኢክራምን ከቤተ መጻሕፍቱ በኩል ስትመጣ አየኋት። እጄን አነሣሁ። መንገዱን ተሻግራ በወዲያ በኩል ሄደች። ፀሐይ ዓይኗ ውስጥ ገብቶ ይሆናል።

ጠዋት ስለነበረ ፀሐዩ ከጀርባዋ ነበር። አሁን ስጽፍ ነው ልብ ያልሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

እኔ ምሳ ስወጣ ጠብቃ መጥታ ለናትናኤል ወረቀት ሰጥታ ሄዳለች። ምሳ የምወጣበትን ሰዓት የነገርኳት እኔ ነኝ። ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው። “ድጋፉን አልፈልግም። ስሜ ይነሣልኝ” ይላል። ናትናኤል ዝቅ ባለ ድምፅ “ዊዝድሮውም ሞልታለች፣ ጋሼ። ትምህርቱን አቋርጣ አገሯ ልትገባ ነው” አለኝ።

እንዴት ተናደድኩ! ሲሰጧት የማትቀበል፣ ያውም ከስንት ተወዳዳሪ መሀል፣ ያውም እኔ ራሴ ፋይሏን ከላይ አድርጌ! ቤት ገብቼ እራት ሳልበላ ይሄን እጽፋለሁ። አልዋሸኋትም። ማን ያየዋል ስትለኝ እኔ ነኝ አልኳት፤ የማነበው እኔ ነበርኩ። ይለጠፋል ወይ አላለችኝም፣ አልጠየቀችኝም። ስለሌላው አልጠየቀችኝም እኮ! አልዋሸኋትም።

ናትናኤል ስወጣ አንድ ነገር ብሎኛል። “ጋሼ፣ እኔም እዚሁ ነው የተማርኩት። እራት ሳልበላ እያደርኩ ያላመለከትኩት በቅጹ ርዝመት አይደለም።” ከዚያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 17

ዛሬ ወደ መዝገብ ቤት ወረድኩ። ኮሚቴው ቢጠይቀኝ የመለጠፉን መመሪያ በእጄ ልያዝ ብዬ ነው። እንዲያ ብዬ ነው የወረድኩት።

መመሪያ የለም። ሣጥን ሙሉ ፋይል አገላበጥሁ፤ መለጠፍ አለበት የሚል አንድ ወረቀት የለም። የመጀመሪያውን ዝርዝር የለጠፍኩት እኔ ነኝ፣ በዚያው ቀጠለ።

የ2009ን ዝርዝር አገኘሁት። ያኔ በእጄ ነበር የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ ያምር ነበር። ተራ ቁጥር 23። ፍሬሕይወት ታደሰ፣ አካውንቲንግ፣ ሁለተኛ ዓመት። ምክንያት፦ አባት የተቋሙ ዝቅተኛ ደመወዝ ተከፋይ፣ እናት የማኅፀን ካንሰር ታማሚ።

ቅጹን እኔ ነኝ የሞላሁላት። “አባዬ፣ ይቅርብኝ” ብላኝ ነበር። ለጓደኞቿ ስለ እናቷ ሕመም እንዳልነገረች አውቅ ነበር። ሕግ ለሠራተኛ ልጅም እኩል ነው አልኳት፤ አዳላ እንዳይሉኝ ከሌላው በላይ ዘርዝሬ ጻፍሁት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ቢሮዬ መምጣት ተወች። ፈተና አለብኝ አለች። ፈተናው ሁለት ዓመት ቆየ። ተመርቃ ድሬዳዋ ሥራ ስታገኝ እንዴት ሩቅ ቦታ ደረሳት ብዬ አዝኜላት ነበር። ሐዋሳም ባንክ አለ። ይሄን ያኔም አውቃለሁ።

አሁን የምጽፈውን ማንም አያየውም፤ ስለዚህ ልጻፈው። ወረቀቱ ላይ ከስሟ አጠገብ አንድ ተማሪ በሰማያዊ ብዕር “የታደሰ ለማኝ” ብሎ ጽፏል። ይሄን ዛሬ አይደለም ያየሁት። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩን ሳነሣ አይቼዋለሁ። በላጲስ ሞከርኩት፣ አልጠፋም። ሁለት ቦታ በሳሁት፣ ፋይል ውስጥ አስገባሁት። ቤት ስገባ ወርቄ አልጋ ላይ ሆና “ልጅቷ ምን ሆና ነው?” አለችኝ፤ ምንም አልኳት።

ከመዝገብ ቤት ወጥቼ በቀጥታ ካፌው መግቢያ ሄድሁ። ጥሩ አድርጌ ለጥፌው ኖሮ አልላቀቅ አለኝ። በጥፍሬ ፋቅሁት። ተማሪዎች ሰልፍ ላይ ሆነው ያዩኛል። ቀኑ ሊሞላ ገና ሦስት ቀን ስለሚቀረው ጥበቃው “ጋሽ ታደሰ፣ ተፈቅዶልዎታል?” አለኝ። አልተፈቀደልኝም አልኩት።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 18

ጠዋት የሴቶች ዶርም ሄድሁ። ፕሮክተሯ፣ “ኢክራም? ትናንት ማለዳ ፍራሿን አስረክባ ወጥታለች” አለችኝ። ትናንት ማለዳ እኔ መመሪያ ልፈልግ ደረጃ እየወረድኩ ነበር። ስልኳ ዝግ ነው።

ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። ወይዘሮ አለምነሽ፣ “የእርስዎን ሐሳብ እርስዎ ራስዎ ቀደው ጣሉት። ምን ልበል?” አሉኝ። የ2009ን ወረቀት አውጥቼ ተራ ቁጥር 23ን አነበብሁ። በሰማያዊ የተጻፈውንም አነበብሁ። “ልጄ ናት” አልኩ። “አንድ ገጽ አደረግነው፣ በስልክ አደረግነው፤ መጨረሻው ግን ካፌ በር ላይ ነው። ደብዳቤ ፍለጋ አገሩ ሄዶ ቅጹን ሳይመልስ የቀረው ልጅ ቢያንስ እኩዮቹ ፊት አልተነበበም።”

አሁን ውሳኔው እንዲህ ነው፤ ምንም አይለጠፍም፣ ውጤት ለየተማሪው በስልኩ ይላካል። ምክንያት የሚለው ሳጥን ይወጣል፤ ማጣራት ካስፈለገ አንድ ሰው በር ዘግቶ ይጠይቃል። የኢክራም ድጋፍ ባለበት ይቆያል። ለእኔ ደግሞ ያለፈቃድ ማስታወቂያ ስላነሣሁ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። በሃያ ሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ደብዳቤውን ራሴ ማኅደሬ ውስጥ አስገባሁት፤ ሌላ ማን ያስገባዋል።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 19

ለኢክራም መልእክት ጻፍሁ። አምስት ጊዜ አጠፋሁ። በመጨረሻ ይሄን ላክሁ፦ “ማን ያየዋል ስትዪኝ እኔ ነኝ አልኩሽ። ሁሉም እንደሚያየው አውቅ ነበር። በድዬሻለሁ፤ ይቅርታ። ዝርዝሩ ተነሥቷል፤ ከእንግዲህ አይለጠፍም። ድጋፍሽ አለ። ለሁለተኛው መንፈቅ መመለስ ትችያለሽ። ታደሰ ነኝ፣ ከመስኮቱ።”

አልደረሰም። ስልኳ ዝግ ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 29፣ ገና

ጎረቤቶች ጠርተውኝ ነበር፤ ስልክ እጠብቃለሁ ብዬ ቀረሁ።

ስድስት ሰዓት ላይ ፍሬሕይወት ደወለች። እንኳን አደረሰህ አለችኝ፤ እንኳን አብሮ አደረሰን አልኳት። ጤናህ እንዴት ነው፤ ደህና ነኝ። ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የሚያልቀው። ዛሬ “ፍሬ፣ አትዝጊው” አልኩ። “ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት” አልኩ።

መኪና ጡሩንባ ሲነፋ ይሰማኛል፤ ውጪ ናት ማለት ነው።

“አይተኸዋል?” አለችኝ። “ከስሜ አጠገብ የተጻፈውን።”

“አይቻለሁ።”

“ያኔ?”

“ያኔ።”

“እኔ እኮ ስምንት ዓመት ሙሉ አባዬ አላየውም እያልኩ ነው የኖርኩት” አለች። “ቢያይማ ዝም አይለኝም እያልኩ።”

አልዋሸሁሽም ማለት እንኳ አልቻልኩም። ስለ ኢክራም ነገርኳት፣ እንዳለ ነገርኳት። ስጨርስ፣ “ስልኳን ላክልኝ” አለችኝ። ሳትፈቅድ የሰው ስልክ አልሰጥም አልኳት። “ጥሩ” አለች፤ “እንግዲያው የእኔን ስጣት። ከፈለገች ትደውልልኝ።” ከዚያ ደህና ዋል ብላኝ ዘጋችው። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም። እንድትል ፈልጌ ነበር።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

መልእክቱ ደረሰ! ሁለቱም፤ የእኔም፣ የፍሬሕይወት ቁጥርም። መልስ የለም።

ረቡዕ፣ ጥር 14

ጥምቀት ብቻዬን አለፈ። ናትናኤል ከቤቱ ድፎ ዳቦ በፌስታል አመጣልኝ፤ ሁለት ቀን በላሁት። ፍሬሕይወት አንድ መስመር ጽፋለች፦ “ደውላልኛለች።” ምን አለች ብዬ ልጠይቅ ጽፌ ነበር፣ አጠፋሁት። የእነሱ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 29

የዳግም ቅበላ ማመልከቻ ደረሰኝ። ኢክራም። ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ስልክ። ሌላ የሚሞላ ቦታ የለውም። አጸደቅሁት፤ አሥራ አምስት ሴኮንድ ፈጀ። ለማንም አልተናገርኩም።

ሰኞ፣ የካቲት 10

ሁለተኛው መንፈቅ ዛሬ ጀመረ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ከልማድ፣ መስኮቱን ከፈትሁ። ከሩቅ አወቅኋት፤ ከሌላ ሁለት ልጆች ጋር ሆና በዚህ በኩል ትመጣለች። ቦርሳዋን አንድ ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ አንዷ የምታወራውን እየሰማች ነው። ሰላም ብትለኝ እኔን ከየት እንደምታውቅ ለእነሱ ማስረዳት ሊኖርባት ነው።

እጄን ላነሣ ነበር። አብሽር ብትለኝ ምንኛ በወደድኩ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ወረቀት አንሥቼ ፊቴ ላይ ያዝሁና የማነብ መሰልኩ። የእግራቸው ድምፅ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ አለፈ።

ድምፃቸው እስኪጠፋ ቀና አላልሁም።